የእንግሊዝኛ እንግዶች፣ የአማርኛ ዘመዶች

በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 12 አንድ ቃል 42,000 ሰዎችን ያስገድላል። በዮፍታሔ የሚመሩት የገለዓድ ሰዎች የኤፍሬምን ሰዎች ድል ካደረጉ በኋላ የዮርዳኖስን መሻገሪያ ያዙ። ሸሽቶ ሊሻገር የሚመጣውን ሁሉ «ኤፍሬማዊ ነህን?» ብለው ይጠይቁታል። «አይደለሁም» ካለ «እስቲ ሺቦሌት በል» ይሉታል። የኤፍሬም ሰው ያንን ድምፅ አጥርቶ ማውጣት አይችልምና «ሲቦሌት» ይላል። ከዚያ በኋላ ሌላ ጥያቄ የለም።

እንግሊዝኛ ይህን የዕብራይስጥ ቃል ከነታሪኩ ወስዶታል። ዛሬ በእንግሊዝኛ «ሺቦሌት» ማለት አንዱን ወገን ከሌላው ለመለየት የሚያገለግል ቃል፣ አነጋገር ወይም ልማድ ነው። ሰውየው ከየትኛው ሰፈር፣ ከየትኛው መደብ፣ ከየትኛው ማኅበር እንደ መጣ ሳያስበው የሚያጋልጠው ነገር ሁሉ ሺቦሌት ይባላል። ትርጉሙ ሰፍቶ፣ ማንም ሳይመረምረው እንደ መፈክር ለሚደጋገም አሮጌ አባባልም ይውላል። በውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ የተማሩ አንባቢዎች ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ድረ ገጽ ሲገቡ «ሺቦሌት» የሚባል የመግቢያ ሥርዓት አጋጥሟቸው ይሆናል። የስሙ ምክንያት ይኸው ነው፤ በሩ ላይ ቆሞ «ከእኛ ነህ?» ብሎ ይጠይቃል።

ነገሩ የጥንት ተረት ብቻ ቢሆን በወደድሁ። በ1937 እ.ኤ.አ. በዶሚኒካን ሪፐብሊክ በሺዎች የሚቆጠሩ ሄይቲያውያን ሲጨፈጨፉ፣ ወታደሮቹ የፐርስሊን ቅጠል እያሳዩ ስሙን በስፓኒሽ እንዲጠሩ ያስገድዷቸው እንደ ነበር ይተረካል። በስፓኒሽ የሚንከባለለውን «ረ» እንደ አገሬው ማውጣት ያቃተው ይገደላል። ጭፍጨፋው እስከ ዛሬ የሚጠራው በዚያ ቅጠል ስም ነው።

አሁን ወደ ቃሉ ሥር እንመለስ። «ሺቦሌት» በዕብራይስጥ የእህል ዛላ ማለት ነው። ግዕዝ ለዚሁ ለእህል ዛላ «ሰብል» ይላል፤ ገበሬያችን ዛሬም በማሳው ላይ ያለውን እህል ሰብል ይለዋል። ሁለቱ ቃላት የአንድ ሥር ቅርንጫፎች ናቸው። ዓረብኛ በበኩሉ «ሱንቡላ» ይላል፤ ይህም ቃል በአገራችን እንግዳ አይደለም። የኮከብ ቆጠራ መጻሕፍት ከአሰድ ቀጥለው የሚጠቅሱት «ሰንቡላ» ከዚያው የመጣ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪው መዝገበ ቃላት ገልጦ የሚፈልገውን ቃል አማርኛ ተናጋሪው በሦስት መልክ ሲያውቀው ኖሯል ማለት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህን ባሰብሁ ቁጥር ይገርመኛል። የጥንቱ የግዕዝ ፊደል «ሸ» የለውም። «ሸ» በኋላ ለአማርኛ ሲባል በ«ሰ» ላይ ምልክት ተጨምሮ የተገኘ ነው። ዕብራይስጥ «ሻሎም» ሲል ግዕዝ «ሰላም»፣ «ሼም» ሲል «ስም»፣ «ሻማይም» ሲል «ሰማይ» ይላል። እንግዲህ አንድ የግዕዝ ተናጋሪ በዚያ ቀን በዮርዳኖስ መሻገሪያ ቢቆም ኖሮ ዕጣው ከኤፍሬም ሰዎች ጋር ነበር።

እንግሊዝኛ ከሌሎች ቋንቋዎች እጅግ ብዙ ቃላት የተዋሰ ቋንቋ ነው። ከፈረንሳይኛና ከላቲን የወሰዳቸው ከመብዛታቸው የተነሣ እንግዳ መሆናቸው ተረስቷል። እኔ የምናገረው ስለ ሌሎቹ ነው፤ ከዕብራይስጥ፣ ከዓረብኛ፣ ከፋርስ፣ ከህንድ ተነሥተው የገቡትን፣ መልካቸው ከጎረቤቶቻቸው የማይመሳሰለውን ነው። ተማሪዎቻችን እነዚህን ቃላት ሲያገኙ በጭፍን ይሸመድዷቸዋል። ይህ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ብዙዎቹ ከእኛው ቃላት ጋር አንድ ቤት ያደጉ ናቸው።

«ጁብሊ» የሚለውን ውሰዱ። የንግሥት ወይም የድርጅት ኀምሳኛ ዓመት ሲከበር እንግሊዞች የሚጠቀሙበት ቃል ነው። ምንጩ የዕብራይስጡ «ዮቤል»፣ ማለትም የአውራ በግ ቀንድ ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 እንደ ተጻፈው በየኀምሳው ዓመት ቀንደ መለከት ይነፋል፣ ባሪያ ነጻ ይወጣል፣ የተሸጠ ርስት ለባለቤቱ ይመለሳል። ቃሉ በግሪክ አልፎ ላቲን ሲደርስ «እልል ማለት» የሚል ትርጉም ካለው ሌላ የላቲን ቃል ጋር በድምፅ ስለ ተቀራረበ ተደባለቀ፤ የእንግሊዝኛው ቃል የደስታ ቃና ያገኘው ከዚህ ነው። የእኛው «ኢዮቤልዩ» ግን ከግሪኩ መልክ ብዙ አልራቀም። በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የንግሥና የብር ኢዮቤልዩ ሲከበር ቃሉ በከተማው ሁሉ አፍ ገባ፤ ዛሬ ብሔራዊ ቤተ መንግሥት የምንለው ግቢም በዚያን ጊዜ ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ይባል ነበር። ባሪያ የሚፈታበትና መሬት የሚመለስበት ዓመት የዓመት በዓል መጠሪያ ብቻ ሆኖ መቅረቱ ግን በሁለቱም ቋንቋዎች የደረሰ ጉዳት ነው።

ከሁሉ የምወደው የሰንጠረዥን ታሪክ ነው።

ጨዋታው በህንድ ተወለደ፤ በሳንስክሪት ስሙ «ቻቱራንጋ» ነበር። «ቻቱር» አራት፣ «አንጋ» ደግሞ አካል ወይም ክፍል ነው። አራቱ የጦር ክፍሎች እግረኛ፣ ፈረሰኛ፣ ዝሆንና ሠረገላ ናቸው። ፋርሶች ተቀበሉትና «ቻትራንግ» አሉት፤ ዓረቦች ከፋርሶች ወስደው «ሻትራንጅ» አሉት፤ ወደ እኛ ሲደርስ «ሰንጠረዥ» ሆነ። በቀድሞ ዘመን በቤተ መንግሥትና በመኳንንት ቤት ይጫወቱት ነበር። የኢትዮጵያው አጨዋወት ከሌላው ዓለም የሚለይበት ነገርም ነበረው፦ ጨዋታው ሲጀመር ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ የየራሳቸውን ጠጠር በፍጥነት ያሰልፋሉ፤ ይህም የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ይቀጥላል። ይህ ምዕራፍ «ወረራ» ይባላል።

ወደ ምዕራብ የሄደው መንገድ ግን የጨዋታውን ስም ትቶ የንጉሡን ስም ይዞ ሄደ። በፋርስ ንጉሥ «ሻህ» ነው። ተጫዋቹ የባላጋራውን ንጉሥ ሲያስፈራራ «ሻህ!» ይላል፤ መውጫ ሲያሳጣው «ሻህ ማት» ይላል። ዓረብኛ ሰሚ «ማት» ሲባል «ሞተ» ብሎ ይሰማዋል፤ እኛም እንደዚያው። ብዙ የፋርስ ቋንቋ ሊቃውንት ግን «ማት» መውጫ ያጣ፣ የተሸነፈ ማለት ነው ይላሉ፤ የጨዋታውም ሕግ የሚደግፈው ይህንን ነው፤ በሰንጠረዥ ንጉሥ ይያዛል እንጂ አይገደልም። በፈረንሳይኛ በኩል ሲያልፍ «ሻህ ማት» የእንግሊዝኛው «ቼክሜት» ሆነ፤ «ሻህ» ብቻውን «ቼክ» ሆነ፤ የዚሁ የብዙ ቁጥሩ የጨዋታው ስም «ቼስ» ሆነ።

«ቼክ» ከዚያ በኋላ ብዙ አገር ዞረ። ንጉሥን ከማስፈራራት ማንኛውንም ነገር ወደ መግታት፣ ከመግታት ወደ መቆጣጠር፣ ከመቆጣጠር ወደ ማረጋገጥ ተሸጋገረ። ማረጋገጫ ያለው የባንክ ወረቀትም በዚህ ስም ተጠራ። ዛሬ በአዲስ አበባ አንድ ነጋዴ «ቼክ ጻፍሁለት» ሲል በአፉ ላይ ያለው የፋርስ ንጉሥ ነው።

ይህ ገና ግማሹ ነው። የሰንጠረዥ ገበታ በጥንቱ ፈረንሳይኛ «ኤሼኪየ» ይባል ነበር። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ንጉሥ የግምጃ ቤት ሹማምንት ከየአውራጃው የመጣውን ግብር የሚተሳሰቡት በጠረጴዛ ላይ በተነጠፈ፣ እንደ ሰንጠረዥ ገበታ በመስመር በተከፋፈለ ጨርቅ ላይ ነበር። ማንበብ የማይችል የአውራጃ ሹም እንኳ ጠጠሩ ከቤት ወደ ቤት ሲሄድ እያየ ምን ያህል እንደ ከፈለና ምን ያህል እንደ ቀረበት ይረዳል። ከጨርቁ የተነሣ መሥሪያ ቤቱ ራሱ «ኤክስቼከር» ተባለ። የእንግሊዝ የገንዘብ ሚኒስትር እስከ ዛሬ «ቻንስለር ኦቭ ዘ ኤክስቼከር» ይባላል፤ ወደ አማርኛ ቢመለስ «የሰንጠረዡ ሹም» እንደ ማለት ነው።

አማርኛስ በዚህ ቃል ምን አደረገ? ማንኛውንም የመንግሥት ሪፖርት ግለጡ። ቁጥሮች በአግድምና በቁልቁል ተደርድረው የተቀመጡበት ስፍራ ራስጌው ላይ «ሰንጠረዥ 1»፣ «ሰንጠረዥ 2» ይላል። አንዱ ቋንቋ በለንደን፣ ሌላው በአዲስ አበባ፣ ሳይመካከሩ፣ በስምንት መቶ ዓመት ልዩነት፣ ከጨዋታው ገበታ የሂሳብ ገበታ አወጡ። ለእኔ ከዚህ የበለጠ ውብ የቃላት ታሪክ የለም።

በገበያ መንገድ የመጡት ቃላት አጠር ያሉ ናቸው። የእንግሊዝኛው «ማጋዚን» ለየጊዜው ለሚታተም መጽሔት መጠሪያ ነው። ሥሩ የዓረብኛው «መኻዚን»፣ የዕቃ ማከማቻዎች ማለት ነው። በጣሊያንኛ «ማጋዚኖ» ሆኖ ወደ እኛ ሲመጣ «መጋዘን» ሆነ፤ ትርጉሙም ከምንጩ አልራቀም። ለእንግሊዞችም መጀመሪያ መጋዘን ነበር፤ በተለይ የባሩድና የጥይት መጋዘን። በጠመንጃ ላይ ያለው የጥይት መያዣ በዚሁ ስም የሚጠራው ለዚህ ነው። በ1731 እ.ኤ.አ. ኤድዋርድ ኬቭ የተባለ የለንደን አሳታሚ ከየቦታው የተሰበሰበ ጽሑፍ የሚያወጣበትን ወርኃዊ ኅትመት «ዘ ጀንትልማንስ ማጋዚን» አለው፤ የጨዋ ሰው መጋዘን ማለቱ ነበር። ስሙ ተወደደ፣ ለመሰሎቹም ሁሉ መጠሪያ ሆነ። «ታሪፍ»ም እንደዚሁ ነው፤ የዓረብኛው «ተዕሪፍ» ማሳወቅ ማለት ሲሆን ታክሲ ውስጥ የምንከራከርበት ዋጋ ስሙን ያገኘው አስቀድሞ ከመታወቁ ነው።

«አልኮል» ግን ዘወር ያለ መንገድ ሄዷል። «አል» የዓረብኛ መነሻ ቅጥያ ነው፤ «ኩሕል» እናቶቻችን የሚኳሉት ኩል ነው። ግዕዝም «ኵሕል» ይለዋል። ኩል የሚሠራው ከማዕድን እጅግ ልሞ በተፈጨ ዱቄት ነው። የአውሮፓ ኬሚስቶች ቃሉን ከዓረቦች መጻሕፍት ወስደው ለማንኛውም ልም ዱቄት ተጠቀሙበት። ቀጥሎ ልምነቱ ወደ ጥራት ተተረጎመና ከማናቸውም ነገር ተጣርቶ የሚወጣው ምንነት «አልኮል» ተባለ። ፓራሴልሰስ የተባለው የ16ኛው ክፍለ ዘመን ሐኪም ከወይን ተጣርቶ የሚወጣውን «የወይን አልኮል» ሲለው መንገዱ ተከፈተ። ከጊዜ በኋላ «የወይን» የሚለው ወደቀ፣ «አልኮል» ብቻውን ቀረ። የዐይን ጌጥ የመጠጥ ስም የሆነው እንዲህ ደረጃ በደረጃ ነው፤ በአንድ ዝላይ አይደለም።

ይህን የምለው በምክንያት ነው። ሁለት ቃላት በድምፅ ስለ ተመሳሰሉ ብቻ ዘመዳሞች ናቸው ማለት የብዙ ሰው ስሕተት ነው። የቃል ሥር የሚያጠኑ ሊቃውንት ሦስት ነገር ይጠይቃሉ፦ ቃሉ በጽሑፍ መጀመሪያ የታየው መቼና የት ነው? ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ሲሻገር የተለወጠው ድምፅ በሌሎች ቃላትም ላይ በተመሳሳይ መንገድ ይለወጣል? ቃሉን የተሸከመው ሰው ማን ነው፣ ነጋዴ፣ መነኩሴ ወይስ ወታደር? ሦስቱም ካልተመለሱ የቀረው ግምት ነው።

በዚህ ሚዛን የራሳችንንም ተወዳጅ ታሪክ መመዘን አለብን። የእንግሊዝኛው «ኮፊ» ከካፋ ስም ወጣ ሲባል ሰምተን አድገናል። ቡና የኢትዮጵያ ልጅ መሆኑ አያጠራጥርም፤ ቃሉ ግን ሌላ መንገድ ይዞ ሄዷል። ወደ 1600 እ.ኤ.አ. አካባቢ ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከቱርክኛው «ካህቬ»፣ እሱም ከዓረብኛው «ቀህዋ» ነው። «ቀህዋ» ደግሞ በጥንት የዓረብኛ ግጥም የወይን ጠጅ ስም ነበር። ከካፋ ጋር የሚያያይዘው ማስረጃ አልተገኘም። በአንጻሩ ዓረቦች ፍሬውን «ቡን» ይሉታል፤ ከእኛው «ቡና» ጋር ያለው ዝምድና ግልጽ ነው። ለአገር ክብር ሲባል ያልተረጋገጠውን ከመደጋገም የተረጋገጠውን መያዝ ይሻላል።

ሌላም አሳሳች አለ። የ19ኛውን ክፍለ ዘመን የእንግሊዝኛ ልቦለዶች የሚያነብ ኢትዮጵያዊ በድግስ መካከል ሰዎች ትኩስ «ኔገስ» ሲጠጡ ያገኛል። ንጉሥን መጠጣት ምንድን ነው ብሎ ይደነግጥ ይሆናል። ይህ «ኔገስ» ከወይን ጠጅ፣ ከፍል ውሃ፣ ከስኳርና ከሎሚ የሚዘጋጅ መጠጥ ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው በ1732 እ.ኤ.አ. ከሞተው ከእንግሊዛዊው ኮሎኔል ፍራንሲስ ኔገስ ነው። የእኛው «ንጉሥ»ም በዚያው ፊደል ተጽፎ በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ አለ። ጎን ለጎን የቆሙ፣ አንድ መልክ ያላቸው፣ ምንም የማይዛመዱ ሁለት ቃላት ናቸው።

ከእኛ የሄዱትስ? ጥቂት ናቸው፣ ግን አሉ። ጀርመናዊው ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል በ1835 እ.ኤ.አ. ሁለት የአገራችንን ጦጣ መሰል እንስሳት በሳይንስ ስም ሲመዘግብ የአገሬውን ስም ወሰደ፤ ጭላዳ «ጌላዳ» ሆነ፣ ጉሬዛም «ጉዌሬዛ» ሆነ። እንሰት ከነወገኑ በላቲን ስሙ «ኤንሴቴ» ነው። ኮሶ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአውሮፓ የመድኃኒት መጻሕፍት ውስጥ የኮሶ ትል ማስወጫ ሆኖ ከነስሙ ገብቶ ነበር። ዛሬ ጤፍና እንጀራ በትልልቅ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ይገኛሉ። እነዚህን ወደ ውጭ ያወጧቸው ተጓዦች፣ ሐኪሞችና ስደተኞች ናቸው።

ሌላው ትልቁ የቃል ተሸካሚ ግን ሠራዊት ነው፤ ስለዚህ ወደ ህንድ እንሂድ።

እንግሊዞች ከህንድ የወሰዱት ቃል ብዙ ነው። «ኔይቦብ» አንዱ ነው፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ህንድ ሄዶ በምሥራቅ ህንድ ኩባንያ አገልግሎት በድንገት የከበረ፣ ሀብቱን ይዞ ተመልሶ የሚንጎማለል ሰው መጠሪያ ነበር። በኡርዱ «ነዋብ» የአገር ገዥ ነው። የእሱ ሥር የዓረብኛው «ናኢብ»፣ ማለትም እንደራሴ ወይም ምክትል ነው። የአገራችንን ታሪክ የሚያነብ ይህን ሹመት ያውቀዋል፤ በምጽዋና በሕርጊጎ ለቱርኮች እንደራሴ ሆኖ የሚገዛው «ናይብ» ይባል ነበር። ጄምስ ብሩስ በ1769 እ.ኤ.አ. ምጽዋ ሲወርድ መጀመሪያ ያስጨነቀው እሱ ነው። ምጽዋ ላይ የወደብ ሹም፣ ለንደን ላይ የከበረ ነጋዴ፤ ቃሉ አንድ ነው።

ወታደር ቃል የሚሰበስበው እንደ ትኋን ነው፤ ሳያስበው ልብሱ ላይ ተጣብቆለት ይመለሳል። አሜሪካኖች ራቅ ያለ የገጠር ስፍራን «ቡንዶክስ» ይላሉ። በታጋሎግ ቋንቋ «ቡንዶክ» ተራራ ማለት ነው፤ በ1899 እ.ኤ.አ. በጀመረው የፊሊፒንስ ጦርነት የተዋጉ ወታደሮች ይዘውት ተመለሱ። «ካኪ»ም እንዲሁ የጦር ቃል ነው። በፋርስ «ኻክ» አፈር፣ ትቢያ ነው፤ «ኻኪ» የትቢያ ቀለም ያለው። በ1846 እ.ኤ.አ. በፔሻዋር የተቋቋመው የእንግሊዝ የህንድ ጦር ክፍል ወታደሮቹ በመሬቱ ላይ እንዳይለዩ በዚህ ቀለም አለበሳቸው። ከዚያ ወደ ሌላው ሠራዊት ተዛመተ፤ እኛም ልብሱን ከነስሙ ተቀበልን።

«ሉት» የሚለውን ቃል ለመጨረሻ ያቆየሁት አስቤበት ነው።

የእንግሊዝኛው «ሉት» በሂንዲም «ሉት» ነው፤ ዘረፋ። እንግሊዝኛ ቃሉን የወሰደው በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ የምሥራቅ ህንድ ኩባንያው ጦር ህንድን በሚያስገብርበት ጊዜ ነው። ሌላው የእንግሊዝኛ ቃል «ፕለንደር» ከጀርመንኛ የተወሰደ ሲሆን እሱንም ያመጣው የ17ኛው ክፍለ ዘመን የሠላሳ ዓመቱ ጦርነት ነው። ሁለቱንም የዘረፋ ቃላት እንግሊዝኛ ያገኛቸው በጦርነት መሆኑ ልብ ይሏል።

በ1860 ዓ.ም. ከቦምቤይ የተነሣው የጄኔራል ናፒየር ጦር 13,000 ያህል ወታደርና 44 ዝሆኖች ይዞ በዙላ በኩል ገባ። ቃሉን ከህንድ የተማረው ሠራዊት ራሱ ማለት ነው። ሚያዝያ 6 ቀን አጼ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሠውተው መቅደላ ስትያዝ ወታደሩ ወደ ግምጃ ቤቱና ወደ መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ገባ። ዘውድ፣ ጽዋ፣ መስቀል፣ የብራና መጻሕፍት፣ ታቦታት ተወሰዱ። የተዘረፈውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና 200 ያህል በቅሎዎች አስፈለጉ። በደላንታ ሜዳ ሁለት ቀን ጨረታ ተደረገ፤ የተገኘው 5,000 ፓውንድ ያህል ለወታደሩ ተከፋፈለ። ከብሪቲሽ ሙዚየም የተላከ ባለሙያ ከጦሩ ጋር ነበረና ለሙዚየሙ ገዛ፤ 350 ያህል ብራናዎች እዚያ ደረሱ።

በጊዜው የመንግሥት ወረቀቶች ለዚህ ዓይነቱ ንብረት የሚመርጡት «ፕራይዝ» የሚለውን ቃል ነበር፤ በሕግ የተገኘ የጦር ምርኮ እንደ ማለት ነው። ቃል መምረጥ ፍርድ መስጠት ነው። «ምርኮ» ከተባለ ባለቤቱ ማራኪው ነው፤ «ሉት» ከተባለ ባለቤቱ ሌላ ነው። ዛሬ የእንግሊዝ ጋዜጦች ራሳቸው ስለ መቅደላ ቅርሶች ሲጽፉ የሚጠቀሙት ሁለተኛውን ነው። ከአንድ መቶ ኀምሳ ዓመት በላይ የፈጀ ለውጥ ነው፣ ቢሆንም ለውጥ ነው።

የተመለሰ የለም ማለት አይቻልም። አጼ ዮሐንስ አራተኛ ጠይቀው በ1872 እ.ኤ.አ. ክብረ ነገሥት ተመልሶላቸዋል። በ1994 ዓ.ም. ደግሞ በኤድንብራ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሳጥን ውስጥ የተገኘ ታቦት ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ሕዝቡ በእልልታ ተቀብሎታል። በብሪቲሽ ሙዚየም ያሉት አሥራ አንዱ ግን እንደ ተሸፈኑ በዝግ ክፍል ተቀምጠዋል፤ ለሕዝብ አይታዩም፣ የሙዚየሙ ሠራተኞችም አያዩአቸውም።

ስለ እነዚህ ታቦታት በሚወጣ የእንግሊዝኛ ዜና ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ሐረግ አለ፦ «ሉትድ ታቦትስ»። የተዘረፉ ታቦታት። የመጀመሪያው ቃል ከሂንዲ፣ ሁለተኛው ከግዕዝ ነው። በዚህ ሐረግ ውስጥ የእንግሊዝኛ የራሱ የሆኑት በመጨረሻ የተጨመሩት «ድ» እና «ስ» ብቻ ናቸው።